ዋናው ጃንጥላ ቤት

ሰፈሩ «ዝናቦ» ይላታል። ጃንጥላ ሻጭ ናትና ሰማዩ ሲጠቁር ፊቷ ይበራል። ሌላው ያሰጣውን ልብስ ለማንሳት ሲሯሯጥ እሷ በሯ ላይ ወጥታ፣ ጠብታ ጀምሮ እንደሆነ ለማየት እጇን ትዘረጋለች። በጋ ላይ ሰላምታዋ ሳይቀር ይደርቃል።

የሱቋ ስም «ዋናው ጃንጥላ ቤት» ነው። ከመንገዱ ማዶ የታናሽ ወንድሟ ሱቅ አለ፤ የእሱ ታፔላ ደግሞ «ትክክለኛው ዋናው ጃንጥላ ቤት» ይላል። አባታቸው ካረፉ ወዲህ እህትና ወንድም ዳርና ዳር ሆነው ይገላመጣሉ እንጂ አይነጋገሩም። አባትየው ያወረሷቸው ስሙን ብቻ አይደለም፤ በየጃንጥላው እጀታ ላይ የሚንጠለጠለውን «ከአስመሳዮች ተጠንቀቁ!» የሚል ካርድም ጭምር ነው። ዝናቦ ካርዱን የምታንጠለጥለው ወደ ማዶ እያየች ነው።

ነገሩ ከርሮ ንግድ ቢሮ ደረሰ። ኃላፊው ሁለቱን ሲያዳምጥ ውሎ ራሱን አመመው። «አባታችሁ ስሙን ለማን እንደሰጡ ማስረጃ ያመጣ ይወስደዋል፤ ሌላው ታፔላውን ያወርዳል። ሰኞ እንገናኝ» ብሎ ሸኛቸው።

ዝናቦ ማስረጃው የት እንዳለ አላጣችውም። አባቷ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ነፍሳቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ «ሱቁን የማስረክበው ለሴት ልጄ ነው» ብለው እንዳወጡ ትምላለች። የድሮ ጋዜጣ ደግሞ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ ገብታ አታውቅም፤ መጽሐፍ አንባቢ ጃንጥላ ይረሳል እንጂ አይገዛም ባይ ናት። እውነትም መግቢያው ላይ የተረሱ ጃንጥላዎች ተሰቅለዋል። ካርዳቸውን አገላብጣ የሱቁን ስም አየች። ከእሷ የተገዙት ስለበዙ ደስ ብሏት ወደ ምድር ቤት ወረደች።

እዚያ ያለው የንግድ ታሪክ ክፍል ኃላፊ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ የሚያስተዳድረው የስልክ ማውጫ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ባዶ የብስኩት ጣሳ ነው። «ሁሉም የሚመጣው የጦርነት ታሪክ ፍለጋ ነው» አለ ከጋዜጣው ጥራዝ አቧራ እያራገፈ። «ሰሞኑን ደግሞ ጃንጥላ ምን ነካው?»

ዝናቦ አልሰማችውም፤ ማገላበጥ ጀምራለች። ያ ዘመን ጉድ ነው። አንዱ ነጋዴ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ይሸጣል፤ ያው ቅባት ከታች በኩል ጫማም ይወለውላል። «እነዚህስ ከወንድሜ ይብሳሉ» እያለች ትስቃለች። ቀጣዩን ገጽ ስትገልጥ ግን ሳቋ ቀጥ አለ።

«ፎቶግራፉ ከላይ የሚታየው ግለሰብ ከድርጅታችን የተባረረ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከፊት ለፊታችን ሱቅ ከፍቶ ‹ዋናው ጃንጥላ ቤት› በሚለው ስማችን እየነገደ ነው። ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአስመሳዮች ተጠንቀቁ!»

ግለሰቡ አባቷ ናቸው። ፀጉራቸው ገና አልሸሸም፤ ያ የተገነጠለ የሚመስል ጆሯቸውና ለእሷ ያወረሷት ትልቅ አፍንጫ ግን ምስክር አያሻቸውም።

«አባባ! ካርዱን እንኳ!» ብላ ጮኸች።

«እባክዎ፣ ድምፅ ይቀንሱ» አለ ሰውዬው።

አፈረች፤ ተናደደች። አባቷ ካረፉ ወዲህ ወንድሟን «አስመሳይ» ስትል የኖረችው ለዚሁ ስም ነው። እጇ ገጹን ሊገነጥል ቃጣውና ሰውዬው ስላፈጠጠባት ፎቶ ኮፒ ጠየቀች። ኮፒውን ይዛ ወደ ሱቋ አልሄደችም። መንገዱን ተሻግራ፣ ረግጣው የማታውቀውን የወንድሟን ደጃፍ አልፋ ገባችና ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ጣለችው።

«ይኸው ዋናህ!»

ወንድሟ ወረቀቱን አላነበበም። መሳቢያውን ስቦ ሌላ ወረቀት አወጣ። ያው ገጽ፣ ያው ጆሮ ነው።

«ካገኘሁት ሁለት ቀን ሆነኝ፣ እትዬ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? አባባ ላይ ክፉ ሲነገር አትችዪም። ሰኞ ‹ማስረጃ የለኝም› ብዬ ስሙን ልተውልሽ ነበር። ይህን ከምታዪ እኔ ታፔላዬን ባወርድ ይሻለኛል።»

ዝናቦ እንባዋ ቀደማት። ይሄን ሁሉ ጊዜ የናፈቃት ስም ሳይሆን ይህ ልጅ ነበር። አፏ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አፍ አይደለም።

«ስትደብቅ እንኳ ቁርጥ አባባን!» አለችው።

«አንቺስ? አፍንጫሽን አይተሽዋል?»

ሳቁ፤ ሲስቁ ባንኮኒው ላይ ተደገፉ።

«ሰኞ ሁለታችንም ታፔላችንን እናወርዳለን» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሰው ጥሪት ያወርሳል፤ የኛው አባት ክስ አወረሱን።»

ውጭ ዝናቡ ወረደ። ጃንጥላ ነጋዴዋ ጃንጥላ አልያዘችም። ወንድሟ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ ሰጣት። ከፈተችው፣ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገችና «ደካማ ነው» አለች። ካርዱ እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በየበረንዳው ተጠልሎ እያየ፣ ዝናቦ የማዶውን ጃንጥላ ይዛ መንገዱን ቀስ ብላ ተሻገረች።