ከልክ በላይ ያበራው የሞተር ክዳን

ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ተቀምጦ የብስክሌቱን ሰንሰለት በላምባ ሲያጥብ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ የያዝኩትን ሥራ አስጣለኝ። ላምባ ሲሸተኝ ዛሬም አንድ የድሮ ጓደኛዬ ፊቴ ላይ ይደቀንብኛል። ምን እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

ከውትድርና በወጣሁ ዓመት እኔና እሱ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛን። ቤታችን እስራኤል፣ ሀይፋ ነው፤ እሱ ከጎረቤት ከተማ ከክርያት አታ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። ሞተሩ ለዓመታት ባሕር ዳር በመቆሙ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጥቁር ዘይት ተጋግሮበት ነበር። ጓደኛዬ ጋራዥ ስለሚሠራ የማጽዳቱን መላ ያውቀዋል። ዘይቱን በላምባና በለስላሳ ብሩሽ፣ ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያስለቅቃል፤ እምቢ ካለው ውሃ የበዛበት ኮምጣጤ ጠረግ አድርጎበት ቶሎ ያለቀልቀዋል።

"ሽቦ እንዳታስነካው" ይለኝ ነበር። "ፋብሪካው ሲሠራው ደብዘዝ አድርጎ ነው። አንዴ ከፈገፈግከው ያ መልክ አይመለስም።"

እኔ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምጎትት ሰው ነኝ። አባቴ ደግሞ ጥርጣሬዬን ያራግብብኝ ነበር። የጓደኛዬ ቤተሰቦች እንደኛው ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ ቢሆኑም፣ አያቶቻቸው ክርስትና ገብተው የነበሩ፣ ወደ እስራኤልም ከእኛ ብዙ ዘግይተው የገቡ ናቸው። ልጁ ገና ደረጃውን ሳይወርድ አባቴ "እነሱን አጥብቀህ አትመን" ይለኛል። እኔም አንድ ቀን ተው አላልኩትም።

አንድ ዓርብ እኔ ፋብሪካ ተረኛ ስለነበርኩ ጓደኛዬ ብቻውን መጣ። የሞተሩን የጎን ክዳን አጥቦ በረንዳችን ላይ ለፀሐይ አስጥቶት ሄደ። እኔ የደረስኩት ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ክዳኑ በንጹህ ፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገለጥ ሳደርገው የገዛ ፊቴን አየሁበት። ያ ደብዛዛ መልክ የለም!

ለወጠው፣ አልኩ በልቤ። እውነተኛውን ወስዶ ርካሽ አምሳያ አስቀመጠልኝ። የጋራዥ ሰው አይደል!

በእኛ ቤት በሰንበት ስልክ አይነካም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ክሴን ሳሳምር ዋልኩ። ባለፈው ሳምንት ለምን ቸኩሎ ወጣ? ትናንትስ ለምን ብቻዬን ልምጣ አለ? እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ግን አባቴ ሰምቶ "አላልኩህም?" እንዳይለኝ ስለፈራሁ ምንም አልጠየቅኳትም።

እሑድ ጠዋት ክዳኑን ይዤ ጋራዡ ድረስ ሄድኩና በሥራ ባልደረቦቹ ፊት "የኛን ክዳን የት አደረስከው?" አልኩት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ተቀበለኝና ገልብጦ ውስጡን አሳየኝ። እኔው ራሴ በመፍቻ ስቼ የጫርኩት ምልክት እዚያው አለ።

"የኛው ነው። ሰው በሽቦ ፈግፍጎታል" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔን ነው የጠረጠርከው ወይስ ቤተሰቤን?" አለኝ።

ክዳኑን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ እናቴን ስጠይቃት ፊቷ በራ። "እኔ ነኝ እንጂ! ሰንበት እየገባ ያን የመሰለ የደበዘዘ ዕቃ በቤቴ ይደር? ሥጋ በምንጠብስበት በማንጋሉ አመድና በሽቦ እጄ እስኪላጥ ፈተግኩት። አማረልህ አይደል፣ ልጄ?"

ዓርብ ዓርብ ድስቱን፣ የበሩን እጀታ፣ የአበባ ማሰሮውን ሳይቀር ስትፈትግ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን ሳስበው ቀድሞ እሷ ልትታወሰኝ ይገባ ነበር። "አምሯል፣ እማዬ" አልኳት።

በማግስቱ ክርያት አታ ሄድኩ። እናቱ እንደ ወትሮው እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ምንም አልነገራቸውም ነበር። ካፈርኩበትም ሁሉ የባሰው ያ ነው። ይቅርታ ስጠይቀው በዕብራይስጥ "ቤሰደር"፣ እሺ፣ "አለፈ" አለኝ፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሁለት ጊዜ ብቻ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ሊሄድ ሲል፣ የገበያ ማዕከል በር ላይ ለጥበቃ እንደሚደረገው፣ ሳልጠይቀው ቦርሳውን ከፍቶ ያዘልኝ። "ምን ማድረግህ ነው፣ ዝጋው!" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ውስጡን አየሁ።