ሰባት እልልታ ለወንዱ

የሄድኩ ዕለት አመሻሹ ላይ አፍንጮ በር ያለው ግቢያችን በሸኚ ተሞልቶ፣ አማቴ እትዬ ዘነበች ጆሮዬ ሥር መጥተው “ወንዱን ይዘሽ ካልመጣሽ ዓይንሽን እንዳላየው” አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔም ሳቅሁ። ትንሿ ልጄ ሜሮን ግን ቀሚሴን አልለቅም ስላለች ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኋቸው። ለጊዜው አያቷ ጋር ትቆይ ተብሎ ነበር።

ባለቤቴ ሰለሞን ጀርመን ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። አገሩ፣ እውነቴን ነው፣ ክፉ አይደለም። ብርዱ ግን እንደ እኛ ፀሐይ ስትወጣ አይለቅም፤ ማኪያቶ ስትሉም በረጅም ብርጭቆ ወተት ነው የሚያመጡላችሁ፣ ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፎ የጠጣ ሰው እንባው ይመጣል።

ሁለቴ ስላስወረደኝ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ በክሊኒክ ተፈጥሮ እንዲቀመጥልኝ ተወሰነ። ሰለሞን ሐኪሟን “ወንድ ምረጪልን” አላት።

“ክልክል ነው። ከባድ የዘር በሽታ ከሌለ ሕጉ አይፈቅድም።”

“እናቴ በዚህ ነገር ታማለች።”

“እንግዲያው እናትህን ሐኪም ጋ ውሰዳት።”

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሱ አልሳቀም። ሕጉ የማይከለክልበት አገር ፈልጎ አገኘና ሄድን። እዚያ ሐኪሙ ስክሪኑን አዞረልን፤ “ሁለት ወንድ፣ ሦስት ሴት ፅንስ አለ። የትኛውን?”

“ወንድ” አለ ሰለሞን።

“እርስዎስ?”

በዚህ ጉዳይ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ወደ ሰለሞን ዞርኩ፤ ሐኪሙ መዞሬን እሺ ብሎ ወሰደው። “ሴቶቹ ይቀመጡ ወይስ ይወገዱ?” አለ ደግሞ፣ ፌስታል ልጨምር ወይ እንደሚል ባለሱቅ። ሰለሞን “ይወገዱ” አለ። ያኔ የያዘኝ ድንዛዜ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ልጁ ተወለደ። ደህና ነው፣ ቆንጆ ነው። ሳቅፈው ግን እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

በቪዲዮ ደወልን። አማቴ ጎረቤቱን ሰብስበው ኖሮ ግቢው በእልልታ ቀለጠ። በእኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ሰባቱ ሲሞላ እያለቀሱ ስልኩን ለሜሮን ሰጧት።

“እማዬ፣ ሰባት ጊዜ አሉ፣ ቆጠርኩ። ለእኔስ ስንት አሉ?”

“ለአንቺም ሰባት።”

“እማማ ግን ሦስት ነው ብለውኛል” አለች፣ ሳታለቅስ። ትንሽ አሰበችና፣ “ሰባት ቢሆን ኖሮ ይዘሽኝ ትሄጂ ነበር?”

ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ መልሴን ትጠብቃለች። ሁልጊዜ የሚቆራረጠው ኔትወርክ ያን ቀን አልተቆረጠም።