ዞሬ አየሁት

ክፍሉ ስድስት እርምጃ በአራት ነበር። ይህን የማውቀው በገባሁ ማግስት ስለለካሁት ነው። በግብርና መሥሪያ ቤት የመስኖ ባለሙያ ሆኜ የኩልፎን ወንዝ ቦዮች ለዓመታት ስለካ ስለኖርሁ፣ እግሬ እዚያም ከልማዱ አልወጣም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ በሩ አጠገብ ለሽንት የተቀመጠ ባልዲ አለ። ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ፣ ከተማው አርባ ምንጭ ነው። የታሰርሁት ጫኖ ላይ በተደረገ የገበሬዎች ስብሰባ፣ የውሃ ድልድሉ በጽሑፍ ከተወሰነው ተዛብቷል ብዬ በመናገሬ ነበር። ንግግሬ ሕዝብ ማነሳሳት ተብሎ ተመዘገበ።

ከዐሥራ አንዳችን በዕድሜ የሚበልጡት ከጨንቻ የመጡ አዛውንት ነበሩ። በምሥራቁ ጦርነት የጦር አውሮፕላን ያበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በአባታቸው መሬት ላይ አፕል የተከሉ ሰው ናቸው። ስለ መታሰራቸው ሲጠየቁ፣ «የድሮ ወታደር ነህ አሉኝ፤ አልካድኩም» ብለው ያልፉት ነበር።

በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የሚተኛው ባልዲው አጠገብ ነው፤ ሌላ ሲገባ ወደ ውስጥ ይጠጋል። ለዕድሜያቸው ስንል ወደ ጥጉ እንዲያልፉ ብንለምናቸው፣ ተራዬ ሲደርስ አልፋለሁ አሉ። ተራቸው እስኪደርስም ጠበቁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ከሰሌናቸው ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ክፍሉን አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይቀመጣሉ። የላንቴው ሙዝ ነጋዴ ይህን አይቶ ዝም ማለት አልሆነለትም።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ዛሬስ ይነሣል?»

«ይነሣ ነበር፤ አንተ ከበድክበት።»

አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። አብራሪ አውሮፕላኑን ከቴክኒሻኑ ሲረከብ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት ግን ዙሪያውን ዞሮ፣ በእጁ ዳስሶ ማየት አለበት። እርሳቸው በጦርነቱ መካከል አንድ ጠዋት ተቻኮሉ፤ ሳይዞሩ ፈረሙ። ሲመለሱ አንዱ ጎማ አልወርድ አለ። እርሳቸው ያለ ጭረት ወጡ። ከኋላቸው ተቀምጦ የነበረው ባልደረባቸው ግን ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም። ይህን የነገሩኝ የቦይ ጥገና ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነበር። ሲጨርሱ ግን ሁለቱን መዳፎቻቸውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ።

በሦስተኛው ወር ወባ ያዛቸው። የደጋ ሰው ስለሆኑ የቆላው ወባ ጠናባቸው፤ የሁላችንንም ጋቢ ደርበንላቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው ብለን ብናመለክትም መልስ አልመጣም።

በስድስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠባቂው አንድ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ወረቀት ይዞ ገባ። ጎልማሳ ጋሞ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበብ አልለመደም። ሽማግሌው ያለ መነጽር አላይም ብለው ለመርማሪው ነግረው ኖሮ፣ መነጽራቸው ያለበትን መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ሶዶ ሄዷል። ስለዚህ ጠባቂው የሚያነብላቸው ሰው ፈለገ። የእስረኛውን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ በክፍሉ ውስጥ «ጸሐፊ» ከመባል በቀር ስሜን የሚጠራ አልነበረም። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ ነው።

«ጸሐፊ፣ አንብብላቸው። ይፈርሙና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ልጃቸው በር ላይ ናት፤ ብርድ ልብስ ይዛለች» አለ።

ወረቀቱ ስለ እኔ ነበር፤ ጠባቂው ግን ስሜንም ስለማያውቅ፣ ማንበብም ስለማይችል ይህን አላወቀም። እኔ በእስር ቤት ውስጥ ሳለሁ እንኳ ገበሬው እንዲያምፅ ስዶልት በጆሯቸው እንደሰሙ የሚመሰክር ቃል ነው። ከተፈረመ ለዓመታት እንደምታሰር ለመረዳት ሁለተኛውን መስመር መጨረስ አላስፈለገኝም።

ስሜን ዘልዬ ባነብ ሽማግሌው ባለማወቅ ፈርመው ይድኑ ነበር። አክብጄ ባነበው ደግሞ እምቢ ይሉና እኔ እድን ነበር። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ጊዜ ውስጥ በሐሳቤ አለፉ። ነገር ግን በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ የተጻፈውን እንጂ ያልተጻፈውን አንብቤ አላውቅም። ከአርእስቱ እስከ ግርጌው፣ ስሜን ከነአያቴ፣ ቃል በቃል አነበብሁት። ሽማግሌው ስሜን ያውቁት ነበር።



«ድገመው» አሉኝ ሽማግሌው። ደገምሁት።

ከዚያም ቀና እንዳደርጋቸው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በአመልካች ጣታቸው አራቱንም ጠርዞች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ወደ ጀመሩበት ማዕዘን ሲመለሱ እስክሪብቶ ጠየቁ። ጠባቂው ፊቱ ፈክቶ ሰጣቸው። በትልልቅ፣ በተንጋደዱ ፊደላት ከግርጌው ይህን ጻፉ፤

ዞሬ አየሁት። ብልሽት አለው። አልረከብም።

ፈረሙበት። ጠባቂው ፊርማውን አይቶ እየተደሰተ ወጣ።

ጋቢውን መልሼ ስደርብላቸው፣ ቢስማሙበትም ኖሮ እንደማልቀየማቸው ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «ዛሬ ከኋላዬ የተቀመጥከው አንተ ነበርክ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንሥተን አናውቅም።

ጠባቂው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ መርማሪው የተጻፈውን አንብቦለት፣ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ልጃቸው እንድትሄድ ተደርጋለች፤ ብርድ ልብሱን ግን እርሱ ራሱ ይዞት ገባ። የወባውን ክኒን የነጋዴው ሚስት በምሳ ዕቃ ሥር ደብቃ አመጣችልን። ዳኑ። እኔ በሰባተኛው ወር ያለ ክስ ተለቀቅሁ፤ እርሳቸው ከእኔ በኋላ አራት ወር ቆዩ።

ሲፈቱ ጨንቻ ወጥቼ ጠየቅኋቸው። በአፕል ዛፎቻቸው መካከል እየተዘዋወርን ስለ ቅርንጫፍ ገረዛ አስረዱኝ፤ እያንዳንዱን ዛፍ ዞረው ሳያዩ ወደሚቀጥለው አላለፉም። ካረፉ አሁን ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

እኔም ጡረተኛ ነኝ። ወረቀት እንድፈርም በተሰጠኝ ቁጥር ከአርእስቱ እስከ ግርጌው አነባለሁ፤ ቀጥሎም አራቱን ጠርዞች በጣቴ እዳስሳለሁ። ባለፈው ወር ጡረታዬን ልቀበል ስሄድ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ፣ «አባባ፣ ሰው ሁሉ እኮ ሳያነብ ነው የሚፈርመው» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቅርታ ጠይቄ እስከ መጨረሻው አነበብሁ።

ብልሽት አልነበረውም። ፈረምሁ።