የጋሽ ክብሩ ባውዛ

ፍቃዱ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ቱላ መውጫ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዡ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። መኪና ሲገባለት ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን አስቁሞ ባትሪውን፣ ቴፑን፣ መስታወቱን፣ ትርፍ ጎማውን ሳይቀር በስልኩ ፎቶ ያነሳል። "ኋላ እዚህ ነበር እንዳትለኝ" ይላል። ደንበኛው ካኮረፈም ያኩርፍ።

ነገሩ ከሜዳ አልመጣም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፒያሳ አካባቢ ተቀጥሮ ሲሠራ አንድ ሰውዬ "ባትሪዬን ወስዶ አሮጌ ከተተልኝ" ብሎ አሳሰረው። ሁለት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኛ። ባትሪው ኋላ የሰውዬው አማች ቤት ተገኘ፤ ፍቃዱን ይቅርታ ያለው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ከእሑድ ስብከት እኩል ይዞት ይኖራል።

ደንበኞቹም ቢሆኑ አያምኑትም። የዚህ አገር ባለመኪና ጋራዥ ሲገባ መኪናውን ትቶ አይሄድም፤ ዱካ ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል። አንዳንዱማ ዕቃው እንዳይቀየርበት በሚስቱ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጋል። ከሁሉም የባሱት ጋሽ ክብሩ ነበሩ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከቡሹሎ አቮካዶና ቲማቲም በፒካፓቸው እየጫኑ ገበያ ያደርሳሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛው ሲሆኑ አንድም ቀን መኪናዋን ለፍቃዱ ትተው ዞር ብለው አያውቁም። ሻያቸውን እንኳ ጎረቤቷ ሻይ ሻጭ ኢክራም እዚያው ዱካቸው ድረስ ታመጣላቸዋለች።

እኚህ ሰው አንድ ማክሰኞ መጡና "ከኋላ ሁለት ባውዛ ግጠምልኝ፤ የኋላ ማርሽ ሳስገባ የሚበራ" አሉት።

"የፋብሪካው መብራት ይሠራል እኮ ጋሼ።"

"አይበቃኝም። ጠንከር ያለ አድርግ።"

ነገሩ ፍቃዱን ከነከነው። በጠራራ ፀሐይ ቲማቲም የሚጭን ሰው ለኋላ ማርሽ ባውዛ ምን ያደርግለታል? በጨለማ የሚጫን ነገር ቢኖር ነው እንጂ። ከሰል ይሆን? የተሰረቀ ዕቃ ይሆን? ነገ ፖሊስ ይዟቸው "ማነው የገጠመልህ?" ቢል ስሙ ሲጠራ ታየው። ቢሆንም ገጠመ። ፎቶውን ግን ከሌላው ጊዜ እጥፍ አነሳ።

በአራተኛው ቀን ወደ ማምሻው ላይ ተመለሱ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል።

"አታለልከኝ" አሉት ገና ሳይወርዱ። "ይሄ ባውዛ አይደለም፣ ሻማ ነው።"

ፍቃዱ ደሙ ፈላ። እሳቸውን አስወርዶ ገባና ቁልፉን ከፍቶ የኋላ ማርሽ አስገባ። የጋራዡ ግድግዳ ቦግ አለ፤ ከማዶ ኢክራም ዓይኗን በእጇ ከለለች።

"ይሄ ነው ሻማው?"

"ደካማ ነው እልሃለሁ። መልካሙን ለራስህ አስቀርተህ ይሄን ከትተሃል። ኋላ ራስዎ ቀየሩት እንዳትለኝ፣ ይኸው በማግስቱ እሱም ባትሪውም ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፣ በፌቨን የጥፍር ቀለም፤ ያው አንተ የገጠምከው መሆኑን ምልክቱ ይመሰክራል።" ፌቨን ልጃቸው ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው።

ፍቃዱ ጎንበስ ብሎ አየ። መብራቱ ላይ ምልክት የለም። በሁለተኛውም የለም። በሆዱ "ያዝኩዎት" አለ፤ ራሳቸው ቀይረው አዲስ ሊያስገጥሙት የመጡ መሰለው። ስልኩን አወጣ፤ ያነሳው ፎቶ አለ። ከፎቶው ጋር ሲያስተያየው ግን መብራቶቹ ያው የገጠማቸው ናቸው፣ በጥርሱ የላጠው ሽቦ ሳይቀር። ታዲያ ምልክቱ የት ሄደ?

ያኔ ነው ቀዩን ያየው። ከመብራቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የኋላ መከላከያው ብረት፣ ፓራውልቱ ላይ ደርቋል። ሌላው ደግሞ ታርጋው ላይ ነው። ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪው ምልክት ባትሪው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቆርቆሮ ላይ ነው።

ወጥመድ ይሆን እንዴ ብሎ ደግሞ አሰበ፤ አመሉ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

"ጋሼ፣ ምልክቱ የቱ ጋ ነው?"

"እዚሁ ነዋ፣ መሀሉ ላይ" ብለው ጣታቸውን በልበ ሙሉነት ሰደዱ። ጣታቸው መብራቱን ስቶ ፓራውልቱ ላይ አረፈ።

ፍቃዱ ቀና ብሎ ዓይናቸውን አየ። ሰውዬው አሥራ ሁለት ዓመት እጁን ሲጠብቁ ኖረው፣ ይኸው አሁን እጁንም አያዩትም። ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም፤ ፈራ።

"ዓይንዎ እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላቸው።

ጋሽ ክብሩ ዱካው ላይ ተቀመጡ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ተዉት። "ባለፈው ሰኞ ገበያ ውስጥ መኪናዋን ወደ ኋላ ስመልስ ቅርጫት ረገጥኩ" አሉ። "ቅርጫት መሆኑን ያወቅሁት ሴትዮዋ ስትጮህ ነው። ልጇን ታዝላ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ባውዛ ካለኝ አያለሁ ብዬ ነው። ከዚህ የሚጠነክር ካለህ ግጠምልኝና ልሂድ።"

"አለ። ግን ብገጥመውም ለመኪናዋ ነው እንጂ ለዓይንዎ አይሆንም።"

"መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ? ሳልነዳ እኔ ማነኝ?"

"የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፋል" አለ ፍቃዱ። "ሞራ ካልሆነም ይታወቃል። እስኪታወቅ ግን ቁልፉን ይስጡኝ። እዚያ ገበያ ውስጥ መሬት ላይ ዘርግታ የምትቸረችር እህት እኔም አለችኝ።"

ኢክራም ያመጣችው ሻይ ቀዘቀዘ። ፍቃዱ ፌቨን ጋ ደወለ፤ እሳቸው አልከለከሉትም።

ፌቨን በባጃጅ ስትደርስ ጋሽ ክብሩ ተነሡ። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ሰጡት። ፍቃዱ እንደ ልማዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲዘጋጅ "ፎቶውን ተወው፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል" አሉና ከኪሳቸው ትንሿን የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አወጡ። ትንሽ አመነቱ። ከዚያ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

"አንተው ምልክት አድርግበት" አሉት።

ፍቃዱ ከመኪናዋ ኋላ ተንበረከከ። መጀመሪያ መብራቶቹ ላይ፣ ቀጥሎ ባትሪው ላይ አንዳንድ ቀይ ነጥብ አሳረፈ። ጋሽ ክብሩ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ይጠብቁ ነበር።

"ሁሉም ላይ አደረግህ?"

"ሁሉም ላይ።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" ብለው የልጃቸውን ክንድ ያዙ።