ጆሮ ሥር የተቆጠረ ርስት

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም፤ በጃንሆይ ዘመን ነው። ዛሬ የልጅ ልጄ ጆሮዬ ሥር ስትጮህ ትዝ አለኝ።

የአያቴ ጆሮ ደክሞ ነበር። መጮህ ስለሚያሰለች ቤተሰቡ እሳቸውን ማጫወት ተወ፤ እሳቸውም የእኛን ስም መርሳት ጀመሩ። በዚህ መሀል ስማዳ ላይ የርስት ሙግት መጣብን። አያቴ ዳኛ ፊት ትውልዱን ካልቆጠሩ እርሻችን መሄዱ ነው።

አክስቴ እኔ አጫውታቸዋለሁ ብትል፣ «ጃጅተዋል እኮ፤ ለማን ልትጮኺ?» አላት አጎቴ።

«አንተ! ቤትም ተዘግቶ ከከረመ ይሻግታል» አለች አክስቴ። ክረምቱን ሙሉ ጆሯቸው ሥር ተቀምጣ የአያት የቅድመ አያቱን ስም አወራቻቸው።

በሙግቱ ቀን ሰባት ቤት ሳያዛንፉ ቆጠሩ፤ እርሻው ተረፈልን። ግን ከልባቸው አውጥተውት ይሁን ከአክስቴ አፍ ተቀብለውት፣ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

አሁን እኔን የልጆቼን ስም የምታስቆጥረኝ ይህችው የልጅ ልጄ ናት። ሳይጠፋኝ ስሟን ልጻፈው፤ የሺእመቤት።