ልጄን ልሸኝ ስሄድ የፊት ፍሬኑ እምቢ አለ

ሬንተን፣ ንጋት

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሰማዩ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ያካፋል። ልጄ ብሩክ ዛሬ አመሻሽ ላይ ከቤሊንግሃም ወደብ በመርከብ ወደ አላስካ ይሄዳል፤ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቷል። ትናንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ጓደኛው በመኪና ወሰደው። ከዚያ ደውሎ፣ «ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ፤ ሩቅ ነው፣ አትምጣ» አለኝ።

ኦኬ አይደለም። ልጅ በወላጁ አፍ ሳይመረቅ አገር አቋርጦ አይሄድም። እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን፤ የሚመርቀውም ከእኔ ሌላ የለም። በስልክ መመረቅ ደግሞ ለእኔ መመረቅ አይደለም።

የሞተርሳይክሌ የፊት ጎማ አልቆ ስለነበር ትናንት ከሥራ እንደተመለስኩ ራሴ ቀየርኩት። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። ጎማውን መልሼ ስገጥም የፍሬኑ እጀታ መጀመሪያ ልል ነበር፤ ደጋግሜ ስጨብጠው ጠነከረ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ወለወልኩት። ልጁን ሊሸኝ የሚሄድ ሰው ቆሽሾ አይሄድም።

ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ጠዋት

በሬኒየር ጎዳና ስመጣ መብራት ያዘኝ። የፊት ፍሬኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቄ ጨበጥኩ፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ይሄዳል። በእግር ፍሬን እየተንገዳገድኩ ስቆም አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት ከፊቴ ዘላ አመለጠች። ወርጄ እየገፋሁ ሸምሱ ሱቅ ጓሮ አስገባሁት። ሸምሱ የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ከስኳር እስከ በርበሬ ይሸጣል።

«ጋሽ ታደሰ! ምነው በጠዋቱ እየገፉ?»

«ፍሬኑ አይዝም።»

«ሶ፣ በግ ቢገዙ ይሻልዎት ነበር። በግ ፍሬን አያስፈልገውም።»

አልሳቅሁም። ትናንት እጀታው ልል እንደነበር አስታውሼ፣ የፍሬኑ ዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቷል ብዬ ፈረድኩ። የፍሬን ዘይት ገዝቼ መጣሁ፤ ሸምሱ እጀታውን እየጨበጠ፣ እኔ ከታች ቡሎኑን እየፈታሁና እያጠበቅሁ አየር ማስወጣት ያዝን። አንዲት አረፋ አልወጣችም። እኔ ግን ቀጠልኩ።

«ጋሼ፣ መርከቡ ስንት ሰዓት ነው?»

«ወደ ማታ።»

«ሱቁን ልዝጋና በመኪና ላድርስዎት። ኦኬ?»

«የልጆችህን እንጀራ ዘግተህ? አይሆንም።»

«እንጀራው ነገም አለ። ብሩክ ነው ነገ የሌለው።»

ግን እምቢ አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ያሰብኩት ለሱቁ ብቻ አልነበረም፤ በራሴ እጅ ያበላሸሁትን በሰው መኪና መሸፈን አልፈለግሁም። ይህን ኩራት አባትነት የምንል ብዙዎች ነን።

እዚያው፣ ቀትር

ዝናቡ ቆመ። ሸምሱ ሻይ ይዞልኝ መጥቶ፣ «ይሄ እጀታ እኮ ድንጋይ ነው፤ እጄን አመመኝ» አለ። ያኔ ቆም አልኩ። አየር ያለበት ፍሬን ሲጨበጥ ይሰምጣል። ይህ ግን ጠንክሮ ነው የማይዘው። ስለዚህ ጥፋቱ መስመሩ ውስጥ ሳይሆን የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ በሚነክስበት ቦታ ነው። ዲስኩን በጣቴ ዳሰስኩት፤ አዳለጠኝ። ትናንት ቸርኬውን ወልውዬ ያበራሁበት ጨርቅ ዘይት የነካው ነበር፤ ዲስኩንም አብሬ አብርቼዋለሁ! እንግዳ ሆኜ እንደምሄድበት ጫማ።

አንባቢ ሆይ፣ ጎማ ቀይረህ ፍሬንህ ካልያዘ መጀመሪያ እጀታውን ጠይቅ። ልል ከሆነ ደጋግመህ ጨብጠው፤ አሁንም ከሰመጠ አየር ፈልግ። ጠንክሮ ካልያዘ ዲስኩንና ሸራውን ተመልከት። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይታመንም፤ ጣለው።

ሸምሱ የሞተር ዕቃ መሸጫዎች ጋ ኮል አደረገ። በአውቶቡስ ሄጄ አዲስ ሸራና የፍሬን ማጠቢያ ይዤ ተመለስኩ። ዲስኩን አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ፣ ሸራውን ገጠምኩ፣ እጀታውን እስኪጠነክር ጨበጥኩ፣ ጓሮው ውስጥ በቀስታ እየነዳሁ ደጋግሜ ሞከርኩ። ያዘ። ቀኑ ግን ሄዷል።

ወደ ሰሜን፣ ከሰዓት በኋላ

ከኤቨረት በኋላ ከተማው ይሳሳል። ጠፍጣፋ እርሻ፣ ቀይ ጎተራ፣ መንገድ ዳር እንጆሪ የሚሸጡ ሰዎች፣ እንጨት የጫኑ ረጃጅም መኪኖች። በሞተር የሚሄድ ሰው የሚያናግረው የለም፤ የራስ ቁሩ ውስጥ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። ነገ ከሥራ ስመለስ ቴሌቪዥኑን ቀንስ የምለው ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ፍጥነት መጨመር አማረኝ። አልጨመርኩም፤ አዲስ ሸራ ገና ዲስኩን አልለመደም።

ቤሊንግሃም፣ አመሻሽ

የወደቡ በር ተዘግቷል። የመርከቡ መሰላል ተነሥቷል። ጠባቂው፣ «ሶሪ፣ ሰር» ብሎ እጁን ዘርግቶ አገደኝ። መርከቡ ከመድረኩ በጥቂቱ ተላቆ፣ መካከላችን ጥቁር ውኃ ይሰፋል።

መርከቡ ላይ፣ የብረት አጥሩን ተደግፎ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ረጅም ልጅ አየሁ። «ብሩክ!» ብዬ ጮህኩ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ አልሰማም። የመርከቡ ጡሩንባ ቀሪውን ድምፄን ዋጠው።

ስለዚህ መጮኼን ትቼ፣ በጭቃና በፍሬን ጥላሸት የጠቆሩ ሁለት እጆቼን ወደ እርሱ ዘረጋሁ። ልጄ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

«ወጥተህ ግባ» አልኩ። «ባሕሩ ይስከንልህ። ክፉ ሰው አይግጠምህ።» ከእያንዳንዱ በኋላ አሜን ለሚልበት ያህል ቆም እያልኩ ጠበቅሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ከዚያ ርቀት አይታይም። አንገቱን ግን ምርቃቴን እስክጨርስ ቀና አላደረገም።