ሦስት ቀን የተሸፈኑ ጣቶች

የጠገንኩት አጥንት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከመካነ ሰላም ተነስቶ፣ ከላላን አልፎ ደጎሎ ይገባል እያልኩ የምፎክርበት ዘመን ነበር። በጤና ጣቢያችን ራጅ የለም። ሆስፒታል ማለት ደሴ ነው፤ ደሴ ደግሞ በክረምት መኪናው ጭቃ ላይ አድሮ የሚደረስባት አገር ናት። ስለዚህ አጥንቱ ቆዳ ካልቀደደና ከቦታው ብዙ ካልሸሸ፣ እዚያው ጀሶ አስረን እንሸኛለን። ነርስ ነኝ፤ አገሬው ግን "ዶክተር" ይለኛል፤ እኔም አላርምም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ወጣት ከበቅሎ ወድቃ፣ የቀኝ እጇን አንጓ ደግፋ ከአባቷ ጋር መጣች። አባትየው ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው። ልጅቱ ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ከሁለት ወር በኋላ ለሥራ ጅዳ ልትሄድ ነው።

"ይድናል ወይ? ያለ እጅ ማን ይቀበላታል?" አሉኝ።

"አብሽሩ አባቴ! ከበፊቱ ይበልጣል። ጅዳ ደርሳ ግመል ታግላ ትጥላለች።"

ቀላል ስብራት ነበር። ስቤ አስተካከልኩና ክንዷን ዙሪያውን በጀሶ ጠቀለልኩ። ወጌሻ ዘንድ ሄዳ እንዳታስፈታው ብዬም ፊቴን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጌ፣ "አርባ ቀን ሳይሞላው ከነካካሽው አጥንትሽ እንደ ቆቅ ብር ብሎ ይሄዳል" አልኳት። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትኩስ ስብራት እንደሚያብጥ፣ ጣቷ ከደነዘዘ በዚያው ሰዓት እንድትመጣ፣ ባይደነዝዝም በማግስቱ መታየት እንዳለባት መንገር ነበረብኝ። ሳቁ ጣፍጦኝ ረሳሁት።

በሦስተኛው ቀን ይዘዋት የመጡት ወጌሻው ናቸው፤ "በቀርከሃ ጠፍረው እጅ ያበሰብሳሉ" እያልኩ ለበሽተኛ ሁሉ የማማቸው ሽማግሌ። አባቷ ከኋላ ይከተላሉ። ወጌሻው እጇን የሸፈነችበትን ሻርፕ ገለጡት። ጣቶቿ አብጠዋል፤ መልካቸው ወደ ሰማያዊ ሄዷል፤ ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ።

"ልጄ፣ እኔም አስራለሁ" አሉኝ ወጌሻው። "ግን ጠዋትም ማታም እየሄድኩ ጣት እዳስሳለሁ። አንተ ዳስሰሃል?"

ወደ ልጅቱ ዞርኩ።

"ይህን ያህል ሲያምሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"አጥንቱ ሊበር እየታገለ መስሎኝ" አለች። "ችዬ ልያዘው ብዬ።"

የጀሶ መጋዝ አልነበረንም። በውኃ እያራስኩ በምላጭና በመቀስ ቀደድኩት። ወጌሻው ክርኗን ደግፈው ያዙልኝ፤ አባትየው ጥግ ላይ ዱዓ ያደርጋሉ። ሲከፈት አቃሰተች። የአውራ ጣቷን ጥፍር ተጫንኩ፤ ነጣ። ለቀቅኩት፤ እንደነጣ ቆየ። ደገምኩ። ማጋነን እወዳለሁ፤ ይህን ግን አላጋንንም፤ ያን ጥፍር እያየሁ እኔም መተንፈስ ትቼ ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ደም መለስ አለ። ከዚያ ጠቋሚዋ፣ ከዚያ መካከለኛዋ። ሁለቱ ዘገዩ።

ነገሩ ከእኔ አቅም አልፏል። የደሴ መላኪያ ወረቀት ጻፍኩ።

"ምን ብለህ ጻፍክ? አንብብልኝ" አሉ አባትየው።

"ጀሶው ጠብቆ ደም ስለከለከለ..."

"ማን አጠበቀው ይላል?"

ወረቀቱ አይልም ነበር። ብዕሬን መልሼ አወጣሁና ጨመርኩበት፤ አነበብኩላቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። "ያ አላህ፣ አንተው እርዳን" ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ልጃቸውን ይዘው ወደ መኪናው ወረዱ።

ደሴ እጇን አተረፈላት። ከወራት በኋላ እናቷን ልታሳክም መጣች። ጅዳ አልሄደችም፤ ሊልካት የነበረው ደላላ እጇን አይቶ ትቷታል።

"እስቲ ጨብጪኝ" አልኳት።

ጨበጠችኝ። ሦስቱ ጣቶች አጥብቀው ያዙኝ፤ ሁለቱ ዝም ብለው መዳፌ ላይ ተኙ።

"ትንሽ ጨምሪ።"

"ይኸው ነው ጋሼ" አለች፤ "ያለኝን ሁሉ ጨምሬያለሁ።"